ፌሽታ ከፍሥሐ አልተወለደም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ ከሚያዞረው ልጅ እገዛለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በባህል ዓምዳችሁ ስለ ደስታ ቃላት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። «ጮቤ ረገጠ»፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» የሚሉትን ሲያነሳ አያቴ ትዝ አለችኝ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ጸሐፊው «ፌሽታ የሚለው ቃል ፍሥሐ ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው» ብለዋል። ቃሉንም አንዴ «ፍስሃ»፣ አንዴ «ፍሰሐ» እያሉ ጽፈውታል።

ዝም ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። የአባቴ ስም ፍሥሐ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሠርግ ካርድ አዘጋጃለሁ፣ ለተመራቂ ባነር አስተካክላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የደስታ ቃል በየቀኑ በጣቴ ያልፋል ማለት ነው። «የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን» የሚለውን ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩም። ፌሽታንም ጽፌዋለሁ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ወጣት መጥቶ «የፌሽታ ምሽት» የሚል ባነር አሠርቶኛል፣ ፊደሉ ቢጫና ቀይ ይሁንልኝ ብሎ። በደስታ ሠራሁለት። ከፌሽታ ጋር ጠብ የለኝም።

ግን ፌሽታ የጣሊያን ልጅ ነው። በጣሊያንኛ «ፌስታ» ማለት በዓል ማለት ነው። ከማኪናው፣ ከፖስታው፣ ከፉርኖው፣ ከጎሚስታው ጋር በአንድ በር ገባ። እኛ አፍ ውስጥ ሲገባ «ስ» ወደ «ሽ» ዞረና የራሳችን አደረግነው። ጸሐፊው የጠቀሱት ፈንጠዝያም የዚያው አገር ነው፣ «ፋንታዝያ» ከሚለው። የውጭ ቃል መሆኑ ነውር የለውም። አማርኛ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። እንግዳውን የቤቱ የበኩር ልጅ ነው ብሎ ማስተዋወቅ ግን ልጁን መርሳት ነው።

ልጁ ፍሥሐ ነው። በግእዝ ሥሩ ፈሥሐ ይባላል፣ ደስ አለው ማለት ነው። ተፈሥሐ፣ ፍሡሕ፣ ትፍሥሕት ሁሉም ከእሱ ይወጣሉ። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበሥራት በግእዙ የመጀመሪያዋ ቃል ይቺው ናት፤ «ተፈሥሒ ፍሥሕት»። በአማርኛው «ደስ ይበልሽ» ሆኗል። በየቀኑ ጸሎት የሚያደርስ ሰው ሁሉ ይላታል። አንዳንዱ ትርጉሟን ሳያስብ ያልፋታል እንጂ አፉ ያውቃታል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ማታ ማታ ሥራ ሲያቆም ማሽኑን በጨርቅ ይሸፍንና እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ዳዊት ይደግማል። ድምፁ አይሰማም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። መዝሙር 50 ላይ ሲደርስ ግን አንድ መስመር ጮክ ይላል፦ «ዕሥየኒ ፍሥሓ በአድኅኖትከ»። እኛ ልጆቹ እራት ለማቅረብ ምልክታችን እሷ ነበረች፣ ሊጨርስ ነው ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» የሚለው ነው። ካደግኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ዳዊት ይሄን የሚለው ደስ ብሎት አይደለም። በድሎ፣ ወድቆ፣ እያለቀሰ ነው የሚለምነው። ከዚያው መዝሙር ከፍ ብሎ ደግሞ «ትፍሥሕተ ወሐሤተ አሰማኝ» የሚል ሐሳብ አለ፤ ፍሥሐና ሐሴት እንደ መንታ አብረው የሚሄዱት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ያኔ የተሰበሩት አጥንቶቼ ደስ ይላቸዋል ይላል። በተሰበረ አጥንት ውስጥ የሚገባ ደስታ ነው እንግዲህ። ይሄንን በድምፅ ማጉያ ከሚመጣው ጋር እንዴት አንድ ላይ አስቀምጠዋለሁ?

አሁን ስለ ስሙ ልንገራችሁ።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ከአባቴ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። አንዱን በሕመም፣ አንዷን ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ከቤት ወጥተው ገደል ለገደል ሲንከራተቱ። አያቴ ወንዱ ከአርበኞች ጋር በረሃ ነበር፤ መሞት መኖሩን ለወራት አታውቅም ነበር። አባቴ የተወለደው በ1933 ዓ.ም. ፋሲካ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 13 ቀን ነው። በሁለት ሳምንቱ፣ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። አያቴ ወንዱ ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን እንደያዘ ቤቱ መጣ። ልጁ አርባ ቀን ሞልቶት ግንቦት 22 ክርስትና ሲነሳ አባቱ ቆሞ አየ።

ቀኑን ቆጥሩት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳው ቀን ገና አላለቀም። በዚያ ወቅት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ካህኑም ሕዝቡም ተገናኝተው የሚቀባበሉት አንድ ነገር ነው። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል፣ ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል። «ዐሠሮ ለሰይጣን»፣ «አግዐዞ ለአዳም»። «ሰላም»፣ «እምይእዜሰ»። በመጨረሻ ካህኑ «ኮነ» ይልና ይቆማል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ፍሥሐ ወሰላም» ይላል። ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ።

እምዬ ልጇን ፍሥሐ ያለችው ለዚህ ነው። ማንም አልመረጠላትም። «ሁሉ ሰው አፍ ላይ የነበረ ስም ነው፣ እኔ አነሳሁት» ትል ነበር።

አባቴ አምስት ወይ ስድስት ዓመት ሲሆነው በፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ነጠላዋ ውስጥ ተጠቅልሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ጧፍ በርቷል፣ ሰዉ ቆሟል። ካህኑ «ኮነ» ሲል ሕዝቡ በሙሉ «ፍሥሐ!» አለ። ልጁ ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ «አቤት!» አለ። ያን ሁሉ ሰው የጠራው መሰለው። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። አንዲት ባልቴት አቅፈው ስመውት «አዎ አንተን ነው የኔ ልጅ» አሉት አሉ። ይሄን እምዬ በየዓመቱ ፋሲካ ትነግረን ነበር። አባቴ ሸምግሎም እንኳ ሲነገር ጥርሱ አይከደንም ነበር።

ከአባቴ ሦስት ዓመት ቆይታ ሴት ልጅ ስትወለድ እምዬ ስም አልፈለገችም። ሰላም አለቻት። ፍሥሐ ወሰላም፣ መስመሩ ሞላ።

ወደ ቃሉ ልመለስ፣ አንድ ትልቅ ነገር ይቀረኛል። በግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ ፋሲካ ራሱ «ፍሥሕ» ተብሎ ይጠራል። ይሄኛው የመጣው በዕብራይስጥ «ፔሳሕ» ከሚለው ነው፣ ማለፍ ማለት ነው። ኦሪት ዘፀአት ላይ የበጉን ደም በመቃናቸው ላይ ያደረጉትን «ደሙንም ባየሁ ጊዜ ከእናንተ አልፋለሁ» ይላቸዋል። ከሌላ አገር የመጣው የማለፍ ቃልና የግእዙ የደስታ ቃል እኛ ዘንድ ተገናኙ። ድምፃቸው ተቀራረበና በአንድ ፊደል ተጻፉ። ስለዚህ አባቶች ስለ ፋሲካ ሲያስተምሩ ማለፍም፣ መሻገርም፣ ደስታም ይሉታል። አባቴ የተወለደባት ሰኞ ደግሞ ስሟ ማዕዶት ነው። ማዕዶት ማለት መሻገር ነው። እምዬ ይሄን የነገራት የንስሐ አባቷ ነበሩ። «ተሻግረሽ ነው የወለድሽው» አሏት። ሁለት ልጅ ቀብሮ፣ አምስት ዓመት ስደት ኖሮ፣ ልጅ ታቅፎ መቀመጥ ለእሷ ይሄ ነበር ፍሥሐ።

ጎረቤቴ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ዐረብኛ ያውቃሉ፣ ቁርአን ቀርተዋል። አንድ ቀን ሬዲዮዬ ላይ መዝሙር ሲሰማ «ተፈሥሑ» የሚለው ጆሯቸው ገባና ወደ በሬ መጡ። «ይሄ ቃል እኛ ጋ አለ» አሉኝ። በቁርአን በአል ሙጃደላ ምዕራፍ «ተፈሰሑ» የሚል አለ። በስብሰባ ላይ ለሰው ቦታ ልቀቁ ስትባሉ ልቀቁ፣ አላህም ያሰፋላችኋል የሚል ነው። እሳቸው ጋ ቦታ ማስፋት ነው፣ እኔ ጋ ደስ መሰኘት። እንዲህ ብለውኝ ሚስማር ሊመዝኑ ተመለሱ። እኔ ግን የያዝኩትን ካርድ ትቼ ቆምኩ። ሲከፋን ቤቱ ጠበበን፣ መግቢያ ጠፋን እንል የለ? ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሥሐ ሲባል የሚታየኝ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ለአንድ ለቆመ ሰው ቦታ ሲለቅ ነው።

ስለ አጻጻፉ የምለው አለኝ። እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ፍሥሐ በንጉሡ ሠ እና በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። በእሳቱ ሰ እና በሃሌታው ሀ አይደለም። «ድምፁ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ ያመጣል» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ የቤቱን ስም ለማዛወር አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የቤቱ ካርታ ላይ ፍሥሐ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ፍሰሃ። የባንክ ደብተሩ ላይ ፍስሀ። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አረጋግጪ ተባልኩ። ሁለት ወር ተመላለስኩ፣ ሦስት ምስክር አቆምኩ። ምስክሮቹ አባቴ ሱሪ የሰፋላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ጸሐፊው ፊት ቀርበው «ኧረ በፋሲካ የሚጠራው ፍሥሐ ነው ልጄ» አሉ። መዝገቡ ላይ ግን እንደዚያ አይጻፍም።

ሌላም አለ። የስምንተኛ ክፍል ልጄ የአያቷን ስም ትርጉም ለትምህርት ቤት ሥራ ፈለገች። ቤት ውስጥ አባቴ የተወው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት አለን። በ1948 ዓ.ም. የታተመው ነው፣ ጀርባው በጨርቅ ተሰፍቷል፣ አባቴ ነው የሰፋው። ልጄ «ፈሰ» ብላ ፈለገች፣ አጣችው። አልቅሳ መጣች። መጽሐፉ የሚሄደው በአበገደ ተራ ነው፤ በዚያ ተራ ደግሞ ሰ እና ሠ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። በንጉሡ ሠ ፈልጊ አልኳት። አገኘችውና ጣቷን ቃሉ ላይ እንደሰካች መጽሐፉን ይዛ ሱቅ ድረስ ሮጠች። ፊደሉን ስናበላሽ የምንዘጋው ይሄን በር ነው። በነገራችን ላይ ያንን መዝገበ ቃላት ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የራሳቸው ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ፍሥሐን ጠብቀው ያቆዩልን ሰው ስማቸው ደስታ መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ልጅን ፍሥሐ ብሎ የሚጠራ ሰው ቀንሷል። የክርስትና ካርድ የምሠራው እኔ ነኝ፣ አየዋለሁ። ዱሮ በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ፍሥሐ ነበር። በጌዴኦ በኩል ፍስሐ ገነት የምትባል ከተማ እንኳ አለች። ወጣቶቹ ስትደሰት «ፈታ በል» ነው የሚሉህ። እሱም ደስ የሚል አባባል ነው፣ ከታሰርክበት ተፈታ እንደማለት። «አግዐዞ ለአዳም» ከሚለው ብዙም አይርቅም። ቃሉ ቢቀየርም ስሜቱን አልጣሉትም። እኔ የምፈራው ጋዜጣ ላይ በስህተት የወጣውን ነው፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ነገ ተማሪ ይገለብጠዋል። ፍሥሐ የፌሽታ አሮጌ ስም ነው ብሎ ያደገ ልጅ በፋሲካ ሌሊት «ኮነ» ሲባል ምን ብሎ ሊመልስ ነው?

አባቴ በየዓመቱ ቅዳሜ ሥዑር ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ቀጤማ ሲያድሉ ሁለት ይቀበል ነበር። አንዱን ግንባሩ ላይ ያስራል። ሁለተኛውን እንደ ቀለበት ጠምዝዞ የሲንጀር ማሽኑ ክንድ ላይ ያጠልቀዋል። ሃምሳውን ቀን አያወጣውም። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ጨርቁን ሲያሽከረክር ሽታው ይሸታል። ከዚያ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻ ሲነካ ይሰበራል። በጰራቅሊጦስ ያወጣዋል። ማሽኑ አሁን እኔ ሱቅ ነው፣ አይሰፋም። ቀጤማውን እኔ አስራለሁ።

አክስቴ ሰላም አዲስ አበባ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደህና ነው። ፋሲካ ሲነጋ ለወንድሟ ትደውል ነበር። እንኳን አደረሰህ አትለውም። ስልኩ ሲነሳ «ኮነ» ትላለች። አባቴ «ፍሥሐ» ይላል። እሷ «ወሰላም» ብላ ትስቃለች፣ ከዚያ ነው ወሬ የሚጀመረው። አባቴ ያረፈ ዓመት አትደውልም ብዬ ነበር። በንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «ኮነ» አለች። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ የአባቴን ስም ጠራሁላት።

የመጪው ፋሲካ ዕትማችሁ ላይ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት እንደምታወጡ አውቃለሁ። ፍሥሐን በንጉሡ ሠ፣ በሐመሩ ሐ ጻፉልኝ። ለአክስቴ የማነብላት እኔ ነኝ፣ ለልጄ ግን ገጹን ቆርጬ አስቀምጥላታለሁ።

የፍሥሐ ልጅ
ከደብረ ብርሃን